ከሲንኩ ሥር የተወለደችው

ጥሩነሽን ያወቅኋት አጅማን ውስጥ ነው። ቤድ ስፔስ በሚሉት ኪራይ አንድ ክፍል ውስጥ ተደራራቢ አልጋዎች ይደረደራሉ፤ እያንዳንዳችን የተከራየነው ክፍሉን ሳይሆን አልጋችንን ብቻ ነበር። እኔ ከላይ እተኛለሁ፣ እሷ ከታች። የሆሳዕና ልጅ ናት፤ አርባን የተሻገረች፣ ረጅም፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ንግግሯ ለስላሳና አጭር። አርብ አርብ ሻርጃ ውስጥ በኪራይ አዳራሽ አብረን እናመልካለን። እኔ ዱባይ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ስለምሠራ የምገኘው ፈረቃዬ ሲፈቅድ ነው፤ እሷ ግን ቀርታ አታውቅም።

ሥራዋ ጽዳት ነው። ወርቁ የሚባል የአገራችን ሰው አንዲት ቫንና ጥቂት ሠራተኞች ያሉት ትንሽ የጽዳት ድርጅት ነበረው። ተከራይ የለቀቀውን ቤት ቁልፉ ለአከራዩ ከመመለሱ በፊት ያጸዳሉ። ወርቁ ሥራ ሲያከፋፍል ወጥ ቤቱን ሁልጊዜ ለጥሩነሽ ነው የሚሰጠው፤ በሲንክ እሷን የሚያህል የለማ።

የዚህ አገር ውሃ ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣ ነው። ከቧንቧ ሲወርድ ጥርት ያለ ነው፤ ብረት ላይ ደርቆ ሲቀር ግን ነጭ ክብ ነጠብጣብ ይተዋል። በነጠብጣቡ ላይ ሌላ እየተደራረበ ሲከርም ከቧንቧው ሥር ኖራ የተለሰነ ይመስላል። ብዙ ሰው በብረት ሽቦ ይፈትገዋል፤ ነጩ ይለቅና ሲንኩ በጭረት ይሞላል። ጥሩነሽ ሽቦ በእጇ አትነካም። አቼቶ ለብ ታደርጋለች፣ ሶፍት ትነክርበታለች፣ እርጥቡን ሶፍት እንደ ፋሻ ነጩ ላይ ትለጥፈውና ትተወዋለች። ሌላውን ሥራ ሠርታ ስትመለስ ለስልሶ ይጠብቃታል። ከዚያ ስፖንጅ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሳ የብረቱን መስመር ተከትላ ታሻለች፣ ታለቀልቃለች፣ በመጨረሻም በደረቅ ጥጥ ጨርቅ አንዲት ጠብታ ሳታስቀር ታደርቃለች። የማድረቁ ነገር ለእሷ ዋናው ነው። "ውሃ ምን አደረገ?" ትለኝ ነበር። "ጥለሽው ስትሄጂ ነው ምልክት የሚተወው።"

ኮሮና የገባ ዓመት ሆቴላችን ባዶ ሆነና እኔ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወጣሁ። ዱባይ ውስጥ ናይፍ የሚባለው ሰፈር በሙሉ ታጥሮ ሰው እንዳይገባ እንዳይወጣ ሆነ። አዳራሻችን ተዘጋ፤ አምልኮ በስልክ ሆነ፤ እያንዳንዳችን ጆሮ ማዳመጫ ሰክተን አልጋችን ላይ ቁጭ ብለን "አሜን" እንላለን። የጥሩነሽ ሥራ ግን አልቆመም። ሥራቸውን ያጡ ሰዎች በልዩ በረራ ወደየአገራቸው ይሄዱ ስለነበር፣ በየፎቁ ቤት ይለቀቅ ነበር።

በረመዳን አንድ ጠዋት ወርቁ ሻርጃ፣ አል መጃዝ ሰፈር ወደሚገኝ ረጅም ሕንፃ ወሰዳት። ጠባቂው ወደ ላይ እንዲወጣ የፈቀደው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ወርቁ ታች ቀረ፣ እሷ ባልዲዋንና ዕቃዋን ይዛ ወጣች። የተለቀቀው ቤት መስኮቱ ከኻሊድ ሐይቅ ፊት ለፊት ነው። ጥሩነሽ መጀመሪያ መስኮቱን ከፈተች፤ ከፍታም እዚያው ቆመች።

"ቤርሲ፣ ምን ልበልሽ" አለችኝ በኋላ። "ሰው የለም። መኪና የለም። ያ ሁሉ ምንጭ የሚረጭበት ቦታ ደርቋል። ሐይቁ ላይ አንድ ጀልባ የለም፤ ዝርግ ብሎ ፎቆቹ ሁሉ ተገልብጠው ውስጡ ይታያሉ። ወፎች ብቻ መንገዱ ላይ እንደ ሰው ይሄዳሉ። እግዚአብሔር ከተማዋን 'ዝም በይ' ያላት ነው የመሰለኝ። ፈራሁ። ፍርሃቱ ግን የሚያስሮጥ አይደለም፤ የሚያንበረክክ ዓይነት ነው።"

ወደ ወጥ ቤቱ ገባች። ተከራዮቹ በችኮላ ነበር የሄዱት፤ ሲንኩ ዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኗል። አቼቶዋን አሙቃ ሶፍቱን ለጣጥፋ ስትጨርስ ነው ድምፁን የሰማችው። ከግድግዳው ማዶ ነው የመጣው። ረዘም ያለ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ነበር፤ ጸሎት መሰላት። ደግሞ መጣ። ሦስተኛው ሲመጣ ጸሎት አለመሆኑ ገባት። ከዚያ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ።

ወደ ኮሪደሩ ወጥታ የጎረቤቱን በር አንኳኳች። ከውስጥ የሴት ድምፅ በዓረብኛ መለሰላት። የጥሩነሽ ዓረብኛ የወጥ ቤት ዓረብኛ ነው፤ ያላ፣ ኸላስ፣ ይህን አምጪ፣ ያንን ጥረጊ፣ ከዚያ አያልፍም። ከተባለው ሁሉ የገባት አንድ ቃል ነበር፤ ኮሮና። እጇን ከበሩ ላይ አነሳች።

"ወይ ጌታዬ" አለች ሳታስበው።

ከውስጥ ጥያቄ በአማርኛ መጣ።

"ሐበሻ ነሽ?"

"አዎ ልጄ። ምን ሆነሽ ነው?"

"ምጥ ይዞኛል።" ልጅቱ ማልቀስ ጀመረች። "አትግቢ ግን፣ እትዬ። ኮሮና አለብኝ፤ ዋላሂ ተመርምሬ ነው። አምቡላንስ ጠርቻለሁ፣ እየመጡ ነው ብለውኛል። ብቻ እዚያው በሩ ላይ ሁኚልኝ። አትሂጂ።"

ጥሩነሽ ማስኳን እንዳጠለቀች ቆመች። እኛን እንዳሰበች ነግራኛለች፤ ያንን ክፍል፣ ተደጋግፎ የተደረደረውን አልጋ፣ አንዳችን ብናስል ሁላችን እንደምንነቃ። አገር ቤት በእሷ እጅ የሚኖሩ እናቷንም አሰበች። ልጅቱ እንደገና ጮኸች፣ ጩኸቱ አልፎ ትንፋሽ ሲመለስላት ደግሞ "አትጠጊ፣ እትዬ፣ ከበሩ ራቅ በይ" አለች።

"እያማጠች ለእኔ ትፈራለች" አለችኝ ጥሩነሽ። "እሱን ስሰማ አለቀ። ምን እጠብቃለሁ?"

"ክፈቺልኝ" አለቻት።

"እትዬ…"

"ክፈቺ ልጄ።"

በሩ እስኪከፈት ብዙ ቆየ። ልጅቱ በዳዴ መጥታ ነበር የከፈተችው። ሐዋ ትባላለች፤ የደሴ ልጅ። ባሏ ዩሱፍ የጭነት መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነው። ወደቦች ሁሉ ተዘግተው ነበርና ሠራተኞቹ መውረድ አልቻሉም፤ መርከቧ እንደ ቤት አልባ ሰው ከአንዱ ባሕር ወደ ሌላው ትዞራለች። ሐዋን በሽታው ሲይዛት ቀለል ያለ ስለነበር ከቤትሽ አትውጪ ተብላ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ልጁ ገና ሳምንታት ይቀሩታል ተብሎ ነበር። በዚያ ጠዋት ግን ውሃ ልትጠጣ ወጥ ቤት ገብታ ሲንኩን እንደተደገፈች የሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። የያዘችው ብርጭቆ ነው የተሰበረው።

ስልኳ ወጥ ቤት ስለቀረ ወደዚያ ተመልሳ ደፉ ላይ ስትደርስ ሐዋ መንቀሳቀስ አቃታት። ጥሩነሽ ስብርባሪውን ጠርጋ አነሳች፣ ፍራሽ ከመኝታ ቤት ጎትታ አምጥታ ከሲንኩ ሥር ወለሉ ላይ አነጠፈች፣ ፎጣ ያገኘችውን ሁሉ ሰበሰበች። ጓንቷን አውልቃ እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ታጠበች። ከዚያ ለወርቁ ደወለች።

"አምቡላንስ እየመጣ ነው። ታች ጠብቃቸውና ሊፍቱን ያዝላቸው።"

"ምን ሆንሽ?"

"እኔ አይደለሁም። ሰው ሊወለድ ነው።"

የሐዋ ስልክ ወለሉ ላይ ክፍት ነበር። የአምቡላንስ ጥሪ የምትቀበለዋ ሴትዮ መስመሩን አልዘጋችም፤ ምን ማድረግ እንዳለባቸው በዓረብኛ ቶሎ ቶሎ ትናገራለች። ጥሩነሽ ምንም አይገባትም። ሐዋ ግን ዓረብኛን እንደ አማርኛ ትናገራለች። እናም ከዚያ በኋላ የሆነውን ጥሩነሽ ስትነግረኝ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ቃል ትመርጥ ነበር፣ ስለ ቅዱስ ነገር እንደሚያወራ ሰው። ሐዋ የራሷን ምጥ ራሷ አስተረጎመች።

ምጡ ሲመጣ ትጮኻለች፣ ፍራሹን ትነክሳለች። ሲለቃት ስልኩን ታዳምጥና ለጥሩነሽ ታስተላልፋለች።

"አትጎትቺ ትላለች። ሲመጣ ጭንቅላቱን ደግፊ፣ በቃ፣ እንዳትጎትቺ።"

"እሺ።"

"ይታያል ወይ ትላለች።"

"ይታያል። ፀጉር አለው፣ የኔ እናት። ጥቁር ፀጉር።"

ሐዋ በዚያ መሃል ሳቀች። ሳቁም ጩኸት ሆነ፤ ጭንቅላቱም ወጣ።

ጥሩነሽ ወልዳ አታውቅም። ሲወለድም አይታ አታውቅም። በመዳፏ ላይ ያረፈው ያ ትንሽ ፊት ዓይኑ ተጨፍኖ፣ ሰማያዊ ሆኖ፣ እንደ ሽማግሌ ተኮሳትሮ ነበር። አንገቱ ላይ ደግሞ የተጠመጠመ ነገር አየች።

"ሐዋ" አለች፣ "እትብቱ አንገቱ ላይ ነው። ጠይቂልኝ።"

ሐዋ ወደ ስልኩ ዞረች። በዓረብኛ ጠየቀች። ሴትዮዋ መለሰች። ሐዋ ዓይኗን ጨፍና እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ አስቀመጠች፤ "በጣትሽ። ከሥሩ ግቢ። ቀስ ብለሽ። በራሱ ላይ አሳልፊው።"

ጥሩነሽ ጣቷን ከእትብቱ ሥር አስገባች። ያዳልጣል፣ ደግሞ ይመታል፤ የልብ ትርታ ጣቷ ላይ ተሰማት። ትንሽ ላላ፤ በራሱ ላይ አሳለፈችው። በሚቀጥለው ምጥ ልጁ በአንድ ጊዜ እጇ ላይ ዱብ አለ። ሴት ነበረች። አልተነፈሰችም።

"አሻሺያት ትላለች! ጀርባዋን! በፎጣ አሻሺያት!"

ጥሩነሽ የምታውቀው ነገር ቢኖር ማሸት ነው። ፎጣውን ይዛ ያቺን መዳፍ የምታህል ጀርባ አሸች፤ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች፣ ሳትጨክን፣ ሳታቋርጥም። ከሲንኩ ቧንቧ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ሕፃኗ አነጠሰች። አፏን ከፈተችና ግድግዳውን የሚያልፍ ጩኸት ጮኸች፤ ከእግሯ ጀምሮ እስከ ፊቷ ቀይ እየሆነች ስትሄድ ጥሩነሽ በዓይኗ አየች።

"መብራት ሲበራ እንደምታዪው ነው" አለችኝ። "ከአንድ ደቂቃ በፊት የለችም። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰው ነበርን። ማንም በበር ሳይገባ ሦስት ሆንን።"

ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ እያለቀሰች "ማሻአላህ፣ ማሻአላህ" ትል ነበር። እሱን ጥሩነሽ ያለ አስተርጓሚ ሰማችው። ሕፃኗን እትብቷ እንዳለ እናቷ ደረት ላይ አድርጋ በደረቅ ፎጣ ሸፈነቻቸው። ያን ጊዜ ከመስጊዱ የቀትር አዛን ተነሳ፤ በዚያ ሰሞን እንደሚባለው "በየቤታችሁ ስገዱ" የሚል ቃል ተጨምሮበት። ሐዋ ወለሉ ላይ እንደተኛች ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ጥሩነሽ ሲንኩን ይዛ ተንበረከከች።

ወርቁ ሊፍቱን ይዞ ያመጣቸው የአምቡላንስ ሠራተኞች ከራስ እስከ እግር ነጭ ለብሰው ገቡ። አንደኛዋ ሁሉንም አይታ ለጥሩነሽ አውራ ጣቷን አሳየቻት። እናትና ልጅን ሲያወጧቸው ሐዋ ቁልፏን ዘረጋችላት።

"እትዬ፣ የምትኖሪው ከሰው ጋር ነው?"

"ብዙ ነን።"

"እንግዲያው ወደዚያ አትሂጂ። ቤቴ ቤትሽ ነው።"

ጥሩነሽ እዚያው ቀረች። ወርቁ ምግብ በር ላይ እያስቀመጠ ይደውልላታል፤ እኛም ከአጅማን እንደውላለን። ወርቁ ጀምራ የተወችውን የተለቀቀ ቤት ሌላ ሠራተኛ ልኮ አስጨረሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን በአንድ ቤት ውስጥ፣ በገዛ ክፍሏ የተኛችው ያኔ ነው። ወለሉን አጠበች፣ ፍራሹን አጸዳች፤ በመጨረሻ ወደ ሐዋ ሲንክ መጣች። ሐዋ እርጉዝም በሽተኛም ሆና ለወራት ሲንክ የማሸት አቅም አልነበራትም፤ ነጩ ተጋግሯል። ጥሩነሽ አቼቶውን አሙቃ ሶፍቱን ነከረች። አጎንብሳ ስትለጥፍ አንድ ነገር እንደጎደለ ተሰማት። ጠርሙሱን አንስታ ከፍታ አሸተተችው። ምንም። አፍንጫዋን አስጠግታ ሳበች። ውሃ።

ያን ዕለት ደውላ "ቤርሲ፣ አቼቶው አልሸተተኝም" ስትለኝ ሁለታችንም ምን ማለት እንደሆነ ገባን። መርምረው አረጋገጡላት። ትኩሳት ጣላት፣ ወገቧን ቆረጣት፣ ደረጃ እንደወጣ ሰው መተንፈስ አቃታት። እኛ በስልክ እንጸልያለን፤ ሐዋ ከሆስፒታል አልጋዋ ሆና ትደውልና "እትዬ፣ እኔ ነኝ ያመጣሁብሽ" እያለች ታለቅሳለች።

"ዝም በይ" ትላታለች ጥሩነሽ እያሳለች። "ልጅቷን አስለቅሺልኝና ልስማት።"

ሐዋ ስልኩን ወደ ሕፃኗ ታስጠጋለች። እኔ ያንን ነግራኝ "ምን ይጠቅምሻል?" ብያት ነበር። "ትንፋሽ ሲያጥረኝ የእሷን እሰማለሁ" አለችኝ።

ትኩሳቱ ለቀቃት። ቀስ በቀስ ጉልበቷ ሲመለስ የሲንኩን ሥራ ቀጠለች፤ ዛሬ አንዱን ጥግ፣ ነገ ሌላውን፣ እየተቀመጠች። ሽታ ስለማይሸታት አቼቶው መልቀቁን ለማወቅ ደጋግማ ደጋግማ አለቀለቀችው። ሲያልቅ በስልክ ቪዲዮ አሳየችኝ። መስኮቱ፣ ሰማዩ፣ የራሷ ከስቶ የረዘመ ፊት፣ ሁሉም ሲንኩ ውስጥ ይታያል።

ሐዋ ከሕፃኗ ጋር ከበሽታው ነጻ ተብላ ስትመለስ ጥሩነሽም ነጻ ሆና ነበር። የልጅቱ ስም ነጃት ተባለ። ሐዋ መዳን ማለት ነው ስትላት ጥሩነሽ "ይሄማ የእኛም ቃል ነው" አለች።

እትብቷ ደርቆ ከወደቀ በኋላ የመጀመሪያውን ገላዋን ማን ያጥባት የሚል ጥያቄ አልተነሳም። ቤቱ ገንዳ አልነበረውም፤ መታጠቢያ ቤቱ ቆሞ መታጠቢያ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲንኩ ውስጥ እንዲሆን ወሰኑ። በዚያ ወቅት ፀሐይ የጣሪያውን ታንከር ስለምታፈላው ቀዝቃዛው ቧንቧ ራሱ ትኩስ ነው የሚያወርደው። ጥሩነሽ ውሃውን ቀደም ብላ ቀድታ አቀዘቀዘች፣ በክርኗ ለካች፣ እንዳያንሸራትት የሲንኩ ወለል ላይ ፎጣ አነጠፈች። ሐዋ ስልኩን ቧንቧው ላይ አስደግፋ ለዩሱፍ ደወለች። ምስሉ ይቆራረጣል፤ ጢሙ ያደገ ወንድ፣ ከኋላው የመርከብ ግድግዳ።

ጥሩነሽ ነጃትን ወደ ውሃው አወረደቻት። ሕፃኗ መጀመሪያ ደነገጠች፣ እጆቿን ዘረጋች፤ ከዚያ ውሃው ጆሮዋ ድረስ ሲመጣ ዓይኗን ከፍታ ዝም አለች። በሚያብረቀርቀው ብረት ላይ የሚንቀሳቀሰውን ብርሃን ትከተላለች። ዩሱፍ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ነበር።

"ሱብሓነላህ" አለ በመጨረሻ፤ መስመሩም ተቋረጠ።

ዩሱፍ ከመርከብ የወረደው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። አንድ አርብ ሦስቱም አጅማን ወደ ክፍላችን መጡ። ነጃት ዕቃ እየያዘች መቆም ጀምራ ነበር። ዩሱፍ ከበሩ እንደገባ አጎንብሶ የጥሩነሽን ጉልበት ሊስም ሲል እሷ ትከሻውን ይዛ ቀና አደረገችው።

"ቁጭ በል ልጄ" አለችው። "ሻይ ትጠጣለህ?"

ሌላ መቀመጫ ስለሌለ የጥሩነሽ አልጋ ላይ ተደረደሩ። እኔ ሻዩን አፈላሁ። ስመለስ ነጃት በጥሩነሽ ትራስ ላይ በአንድ ጎኗ ተኝታለች፤ አፏ ትንሽ ተከፍቷል፣ ትንፋሿ ይሰማል። ሻዩን መሬት ላይ አስቀምጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አራታችንም እሷን እያየን ትንፋሿን አዳመጥን። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ያነሳው አልነበረም።